በዓይን ወይም በአካል ጉዳት መንጃ ፈቃድ ማውጣት፦ የትኛው አማራጭ ለማን ይሻላል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው "በዚህ እግሬ ወይ በዚህ ዓይኔ መንጃ ፈቃድ ይሰጡኛል ወይ" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው ግን አዎ ወይ አይ ተብሎ የሚያልቅ አይደለም፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ጉዳት ካለባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ለሱ የሚሆን መቆጣጠሪያ ስለመረጠ ብቻ ፈተናውን ሲያልፍ ሌላኛው ባልሆነ መኪና ተፈትኖ ይወድቃል። እኔ ቀኝ እግሬ ስለማይታዘዘኝ በእጄ ነው የምነዳው፣ እና ከሌሎች ጋር ስንወያይ የማየው ነገር ቢኖር ሰው የሚቸገረው አማራጭ ስለሌለ ሳይሆን የትኛው ለሱ እንደሚሆን የሚነግረው ስለሌለ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ የቱ ለማን እንደሚሻል የኔንም አስተያየት እጨምርበታለሁ።

ለሁሉም የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው። ማታ ደክሟቹ እየነዳቹ አንድ ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ገባ እንበል። በመረጣቹት ዘዴ ልጁን በጊዜ ታዩታላቹ? ፍሬኑን እስከ መጨረሻ መያዝ ትችላላቹ? መሪውስ ከእጃቹ አይወጣም? ጠዋት በደህና ቀናቹ የሚሰራ ነገር ሁሉ ያምራል፣ ምርጫው መፈተን ያለበት ግን በደከማቹበት ሰዓት ነው።

መኪና መጀመሪያ ወይስ ምዘና መጀመሪያ?

ምዘና መጀመሪያ፣ በፍፁም በተቃራኒው እንዳታደርጉት። ሰው ጓጉቶ መኪና ይገዛል፣ ከዛ የሚያስፈልገው መቆጣጠሪያ ለዛ መኪና አይገጠምም፣ ወይ ዊልቸሩ አይገባም፣ ወይ በሩ ጠቦ መውጣትና መግባት ጭንቅ ይሆንበታል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሐኪም ምርመራ፣ ቀጥሎ የመንዳት ብቃት ምዘና፣ ከዛ መቆጣጠሪያ በተገጠመለት መኪና ትምህርት፣ ከዛ ፈተና፣ መኪና መግዛት መጨረሻ። የመንዳት ምዘና ላይ የሰለጠኑ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች (ጉዳት ያለበት ሰው የእለት ስራውን እንዲችል የሚያግዙ ባለሙያዎች) ያሉበት አገር ከሆናቹ ለነሱ የምታወጡት ጊዜ ከሁሉም በላይ ይጠቅማቹሃል፣ ምክንያቱም የእጅና የእግር ጉልበታቹን፣ ምላሽ የምትሰጡበትን ፍጥነት፣ ትኩረታቹን ለክተው ብዙ አይነት መቆጣጠሪያ ያስሞክሯቹሃል። እንደዚህ አይነት ባለሙያ ከሌለ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና ልምድ ያለው አሰልጣኝ አንድ ላይ ቢያይዋቹ የተወሰነውን ይሸፍናሉ።

ጉዳቱን መደበቅ እንደ አማራጭ የሚያዩ አሉ። "ካልጠየቁኝ ለምን እናገራለሁ" ይላሉ። ይሄ ምርጫ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። በብዙ አገር የመንዳት ብቃትን የሚነካ የጤና ሁኔታን ማሳወቅ የህግ ግዴታ ነው፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል። ከዛም በላይ ስትደብቁ የሚቀርባቹ ለናንተ የሚስማማውን መቆጣጠሪያ ይዛቹ የመፈተን እድል ነው።

የዓይን ጉዳይ

መጀመሪያ ቁጥሩን እወቁ። በአውሮፓ ህብረት ለተራ መኪና የሚጠየቀው በሁለት ዓይን በመነጽርም ቢሆን 0.5 የእይታ ጥራት ነው፣ በሌላ አጻጻፍ 6/12፣ አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የሚጠቀምበት ደግሞ 20/40፣ ሶስቱም አንድ ናቸው። 6/12 ማለት ሌላው ሰው በ12 ሜትር የሚያነበውን እናንተ በ6 ሜትር ታነባላቹ ማለት ነው። በእንግሊዝ ከዚህ በተጨማሪ ፈታኙ በ20 ሜትር ርቀት የቆመ መኪና ሰሌዳ ያስነብባል፣ ማንበብ ካልቻላቹ ፈተናው እዛው ያልቃል። እስኪ የትም ብትሆኑ እራሳቹን በዚህ ሞክሩት፣ ማስረጃ ባይሆንም የት እንዳላቹ ይጠቁማቹሃል።

ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ቁጥር የእይታ ስፋት ነው። የአውሮፓ ህብረት ህግ ወደ ጎን ቢያንስ 120 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከመሃል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያንስ 50፣ ወደ ላይና ወደ ታች 20፣ መሃል ላይ ባለው 20 ዲግሪ ውስጥ ደግሞ ምንም የጠፋ ቦታ መኖር የለበትም። ፊደል ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነብ ሰው በግላኮማ (የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ በሚጎዳ በሽታ) ምክንያት ስፋቱ ጠቦበት ሊወድቅ ይችላል፣ እራሱ ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም ምክንያቱም አንጎል የጎደለውን ቦታ እየሞላ ስለሚያሳየው ጥቁር ነገር አይታየውም። እና የዓይን ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ለመንዳት ነው" በሉና የስፋት ምርመራም እንዲሰራላቹ ጠይቁ።

አሁን ወደ ምርጫው። ችግራቹ የጥራት ብቻ ከሆነና በመነጽር የሚስተካከል ከሆነ ከመነጽርና ከኮንታክት ሌንስ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ለአብዛኛው ሰው መነጽር ይበቃል። ኮንታክት ሌንስ በግልጽ የሚበልጥባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፣ የመነጽር ቁጥሩ በጣም ከፍተኛ ለሆነ ሰው የመነጽሩ ጠርዝ ነገሮችን ያዛባል ፍሬሙም ጎኑን ይሸፍናል፣ ኬራቶኮነስ (የዓይን የፊት ሽፋን ሳስቶ ወደፊት የሚሾልበት በሽታ) ላለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ መነጽር የማያመጣውን ጥራት ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ያመጣዋል። ችግሩ የዓይን ሞራ ከሆነ ግን መነጽር መቀያየሩ ብዙ ርቀት አይወስዳቹም፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዓይን ውስጥ ተበትኖ ማታ ሁሉንም ነጭ ያደርግባቹሃል፣ እዚህ ጋ ኦፕሬሽን ተሰርቶ ከዛ መፈተኑ ከሁሉም ይሻላል፣ መጠበቁ ቢያናድድም።

ባዮፕቲክ መነጽር የሚባለው ብዙ ተስፋም ብዙ ስህተትም አለበት። ተራ መነጽር ሆኖ የላይኛው ክፍል ላይ ትንሽ ቴሌስኮፕ የተገጠመበት ነው። አሽከርካሪው አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው መነጽር ያያል፣ ምልክት ወይ ራቅ ያለ መብራት ለማንበብ ብቻ አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ በቴሌስኮፑ ቶሎ አይቶ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች በሆነ መልኩ ይፈቅዱታል፣ ኔዘርላንድስም ትፈቅዳለች፣ እንግሊዝ ግን መስፈርቱን በሱ አሟላሁ ማለትን አትቀበልም። ለማን ይሆናል? የመሃል እይታው ለደከመ ግን የጎን እይታው ሙሉ ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ አልቢኒዝም (ሲወለዱ ጀምሮ የቆዳና የዓይን ቀለም ማነስ) ላለባቸው ወይም ስታርጋርት (በዘር የሚመጣ የመሃል እይታን የሚጎዳ በሽታ) ላለባቸው አንዳንዶች። ስፋቱ ለጠበበበት ሰው ግን አይሆንም፣ ቴሌስኮፕ ያቀርባል እንጂ አያሰፋም፣ እንዲያውም በሱ ስታዩ የሚታያቹ ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ በቴሌስኮፑ ካያቹ በዛች ሰከንድ 22 ሜትር ሄዳቹሃል። ስለዚህ መነጽሩን መግዛት ትንሹ ስራ ነው፣ ዋናው ስልጠናው ነው፣ መጀመሪያ ቆማቹ፣ ከዛ ተሳፋሪ ሆናቹ፣ ከዛ ነው መሪ የምትይዙት። ያለ ስልጠና ሸጦላቹ የሚሸኛቹ ሰው ካለ ሌላ ፈልጉ።

በአንድ ዓይን ብቻ የሚያዩ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ እድል አላቸው። ጤነኛ አንድ ዓይን ወደ ጎን ከ150 ዲግሪ በላይ ስለሚያይ በብዙ አገር ለተራ መኪና ይበቃል፣ ጥራቱ ከተሟላ። የአውሮፓ ህግ የሚጨምረው አንድ ነገር ሁለተኛው ዓይን በቅርብ ከጠፋ የመላመጃ ጊዜ እንዲኖር ነው፣ እና ይሄ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ርቀት መገመት የምንችለው በሁለት ዓይን ብቻ ሳይሆን በነገሮች ትልቅነት፣ አንዱ ሌላውን በመሸፈኑ፣ ስንንቀሳቀስ በሚያሳዩት ለውጥ ጭምር ስለሆነ አንጎል ይሄንን ለመማር ወራት ይፈልጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ዓይን ያየ ሰው ይሄን ሁሉ ጨርሶታል። ትልቅ ስፖኪዮ ማስገጠምና ጭንቅላትን ወደማያየው ጎን ማዞርን ልማድ ማድረግ ይበቃል። የጭነት መኪናና አውቶብስ ግን ሌላ ነው፣ እዛ የአውሮፓ ህግ በተሻለው ዓይን 0.8 በሌላው 0.1 ስፋት ደግሞ 160 ዲግሪ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አንድ ዓይን ያለው ሰው ሹፌርነትን ስራው ለማድረግ ከማቀዱ በፊት ይሄን ይወቅ።

ከስትሮክ በኋላ በሁለቱም ዓይን ግማሽ ጎን የጠፋባቸው ሰዎች ጉዳይ ከባድ ነው። ብዙ ቦታ አይፈቀድም። እንግሊዝ ውስጥ ጉዳቱ 12 ወር የሞላው፣ የማይብስ፣ ሰውየውም እንደለመደው ሐኪም ያረጋገጠ ከሆነ በተግባር መንዳት ፈተና ልዩ ሁኔታ ሊታይ ይችላል። በሌላም አገር እንዲህ አይነት በር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ግን ስትሮኩ አንዱን ጎን "የመርሳት" ችግር ካመጣ፣ ማለትም ሰውየው ግራ ጎን መኖሩን ጭራሽ ካላስተዋለ፣ ይሄን የሚያስተካክል መነጽርም መስታወትም የለም። ቤተሰብ እዚህ ላይ አትለሳለሱ።

ሌላው የቀን ብቻ ፈቃድ ነው። ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ (መጀመሪያ የማታ እይታን ከዛ ጎኑን የሚያዳክም የዘር በሽታ) ገና ለጀመረው ወይም ማታ የማያይ ግን ቀን መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው በአንዳንድ አገር በቀን ብርሃን ብቻ የሚነዳበት ፈቃድ ያገኛል። ከምንም ይሻላል ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው በቂ ነው። ቀለም መለየት አለመቻል ደግሞ ብዙ ሰው በከንቱ የሚጨነቅበት ነው፣ ለተራ መኪና በአብዛኛው አገር አይከለክልም፣ የትራፊክ መብራት በቦታው ይታወቃል፣ ቀይ ላይ አረንጓዴ ታች።

እግር፦ አውቶማቲክ፣ የግራ ነዳጅ ወይስ የእጅ?

ግራ እግር ብቻ ከሆነ የተጎዳው መልሱ አጭር ነው፣ አውቶማቲክ መኪና። ፍሪሲዮን ስለሌለው ግራ እግር ስራ የለውም፣ ምንም ተጨማሪ እቃ አያስፈልግም። ማኑዋል ካልነዳሁ የሚል ሰው የማርሽ ዘንጉ ላይ በእጅ የሚሰራ ፍሪሲዮን ማስገጠም ይችላል ግን ለምን? ከውድነቱ በላይ እጃቹን ያበዛባቹሃል። ማወቅ ያለባቹ አንድ ነገር በብዙ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ "አውቶማቲክ ብቻ" ተብሎ ይጻፋል። የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሪሲዮን ስለሌለው በዚህ ውስጥ ይገባል።

ቀኝ እግር ሲሆን ነው ምርጫው የሚጀምረው። ግራ እግራቹ ሙሉ ጤነኛ ከሆነ በግራ የሚረገጥ ነዳጅ መስጫ አለ፣ ከፍሬኑ በስተግራ ፔዳል ይገጠማል፣ ዋናው የቀኝ ነዳጅ ደግሞ ይሸፈናል ወይ ይታጠፋል። ዋጋው ከእጅ መቆጣጠሪያ ይቀንሳል፣ ሁለት እጃቹም መሪ ላይ ይሆናሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ ለዓመታት በቀኝ እግሩ ሲነዳ የኖረ ሰው በድንጋጤ ሰዓት ድሮ የለመደውን ያደርጋል፣ ፍሬን ፈልጎ ነዳጅ ይረግጣል፣ ስለዚህ ከዚህ በፊት ነድቶ ለማያውቅ ጀማሪ ይቀላል፣ ለነባር ሹፌር ረጅም መላመድ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያን መኪና የሚነዳ ከሆነ ፔዳሉ በየጊዜው መነሳት ወይ መታጠፍ አለበት፣ ይሄን ረስቶ የተነሳ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ሰው ሰራሽ ቀኝ እግር ያላቸው "በሱ እረግጣለሁ" ይላሉ። ከጉልበት በታች የተቆረጡ አንዳንዶች በደንብ ይነዳሉ፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሰራሽ እግር ፔዳሉ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን አይነግራቹም፣ ምን ያህል እንደረገጣቹም አይነግራቹም። በስኳር በሽታ ምክንያት የእግር ስሜታቸው ለጠፋም እንደዛው ነው። ድንገት ፍሬን በሚለው መለኪያ ስናየው የኔ ምርጫ ወይ በግራ ወይ በእጅ ነው።

የእጅ መቆጣጠሪያ ሀንድ ኮንትሮል የምንለው ከመሪው ስር የሚወጣ ዘንግ ሆኖ ከፍሬንና ከነዳጅ ፔዳሉ ጋ በብረት የተያያዘ ነው። ሁሉም አይነት ላይ ማለት ይቻላል ፍሬን ወደፊት በመግፋት ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፣ መኪና በድንገት ሲቆም ሰውነት ወደፊት ስለሚሄድ ያ ክብደት ፍሬኑን ይበልጥ እንዲገፋ ያግዛል። ልዩነቱ ነዳጅ አሰጣጡ ላይ ነው። አንዱ አይነት ወደራስ በመሳብ ነዳጅ ይሰጣል፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይለመዳል፣ እኔም የምነዳው በዚህ ነው። ሁለተኛው ዘንጉን ወደ ጭን ዝቅ በማድረግ ነው፣ የክንዱ ክብደት ራሱ ነዳጁን ስለሚይዝ ጉልበት ለሌለው ሰው ይመቻል፣ ረጅም ሰው ግን ጭኑ ላይ ይደርስበትና ቦታ ያጣል። ሶስተኛው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታውን በመጠምዘዝ ነው፣ ቦታ አይፈልግም ግን የእጅ አንጓና ጣት ጥንካሬ ይጠይቃል፣ ሪህ ላለበት ወይ ጣቱ ለደከመ ሰው ረጅም መንገድ ላይ ስቃይ ነው።

ከዚህ ሌላ ከመሪው ጀርባ ወይ ፊት ቀለበት ተገጥሞ ቀለበቱን በጣት በመጫን ነዳጅ የሚሰጥበት አለ፣ ፍሬኑ ለብቻው ዘንግ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ሁለት እጅ መሪ ላይ መሆኑ ነው፣ ትከሻ ያርፋል። ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚሰራ ስለሆነ ይወደዳል፣ ሲበላሽ ተራ ጋራዥ አይነካውም፣ መሪ ሙሉ ስታዞሩ ቀለበቱን እኩል ይዞ መቆየትም ልምምድ ይፈልጋል። የብረቱ ዘንግ ደግሞ ምን ከምን ጋ እንደተያያዘ በዓይን ይታያል፣ ብሎኑ ሲላላ ይሰማቹሃል። ብዙ የምትነዱና የሚያውቀው ባለሙያ በቅርብ ያለ ከሆነ ቀለበቱ፣ ከባለሙያ ርቃቹ የምትኖሩ ከሆነ ዘንጉ፣ እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ተንቀሳቃሽ ተብሎ የሚሸጥ በፔዳሎቹ ላይ በማሰር የሚገጠም ሀንድ ኮንትሮልም አለ። ርካሽ ነው፣ በተከራያቹት መኪና ላይ ያገለግላል ይባላል። ለጀማሪ አልመክርም። በአግባቡ ካልታሰረ ሊንሸራተት ይችላል፣ ፈተናም በሱ ለመፈተን የሚፈቀድላቹ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርባቹሃል። ቋሚው ቢሆን ሌላ ሰው ፔዳሉን እንደተለመደው መርገጥ ስለሚችል ቤተሰብ የሚጋራው መኪና ላይ ችግር የለውም።

እጅ፣ ክንድና ጉልበት

በአንድ እጅ ለሚነዳ ሰው መሪ ላይ የሚገጠም ኖብ (መሪውን በአንድ እጅ ለማዞር የሚያዝ ጉብ ያለ መያዣ) ግድ ይሆናል፣ ያለሱ በአንድ እጅ መሪ ማዞር ማለት መሃል ላይ መልቀቅ ማለት ነው። ኖቡ ራሱ አይነት አለው። መጨበጥ ለሚችል ክብ ኳሱ ይበቃል። ጣቶቹ ለማይጨብጡ ደግሞ አንጓውን ከሶስት በኩል የሚይዝ ሶስት እግር ያለው አለ፣ እጅን አስገብቶ ሳይጨብጡ ማዞር ይቻላል። ኖብ ከያዛቹ በኋላ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ ማን ይነካል? ስለዚህ በአውራ ጣት የሚነኩ ቁልፎች ያሉት ኖብ ወይ የፍሬቻውን ዘንግ ወደሚሰራው እጅ የሚያሻግር ማራዘሚያ ያስፈልጋል። ይሄንን መጀመሪያ ካላሰባቹት ፈተና ላይ ለፍሬቻ ስትሉ መሪ ትለቃላቹ፣ ፈታኙ ደግሞ እሱን ነው የሚያየው።

ስትሮክ በቀኝ በኩል የመታው ሰው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ግራ ያጋባል፣ እግሩም እጁም ስለሆነ። ሀንድ ኮንትሮል ለሱ አይሆንም፣ ያለው አንድ እጅ መሪውን ነው የሚይዘው። ለሱ የሚሻለው አውቶማቲክ፣ የግራ ነዳጅ መስጫ፣ ግራ እጁ ላይ ኖብ ከነፍሬቻ ቁልፉ ነው። በግራ በኩል ለተመታ ደግሞ አውቶማቲክና በቀኝ እጅ ኖብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ከላይ ያልኩት ግራ ጎንን የመርሳት ነገር አለመኖሩ ከተረጋገጠ።

የህብለ ሰረሰር ጉዳት ላለባቸው ጉዳቱ ያለበት ከፍታ ምርጫውን ይወስነዋል። ከወገብ በታች ብቻ ከሆነ ማንኛውም ሀንድ ኮንትሮል ይሆናል። ከፍ ብሎ ደረት ላይ ከሆነ የሰውነት ሚዛን ስለሚጠፋ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ላለመውደቅ የደረት ቀበቶ ጨምሩበት። አንገት ላይ ሲሆን (ሲ የሚለው የአንገት ደረጃዎችን ነው፣ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ይጨምራል)፣ ሲ7 ላይ ያሉ ሰዎች ክርናቸውን መዘርጋት ስለሚችሉ ፍሬን ይገፋሉ። ሲ6 ላይ ያሉት የአንጓ ጉልበት አላቸው ግን ክርን የሚዘረጋው ጡንቻ ስለሌለ በትከሻ ነው የሚገፉት፣ ለነሱ ሶስት እግር ያለው ኖብና ቀለል የተደረገ መሪና ፍሬን ይመከራል። ሲ5 ላይ ደግሞ በሞተር የሚታገዝ እንደ ጆይስቲክ ያለ ስርዓት ነው ያለው፣ በጣም ውድ፣ ስልጠናውም ረጅም፣ ግን የሚነዱ ሰዎች አሉ። ለጡንቻ መሳሳብ የሚወሰዱ እንደ ባክሎፌን ያሉ መድኃኒቶች እንቅልፍ ሊያመጡ እንደሚችሉም ሐኪማቹን አነጋግሩት፣ መጠኑ በተቀየረ ሰሞን አትንዱ።

ቁመታቸው አጭር ለሆኑ ፔዳል ማራዘሚያ ከመቀመጫ ከፍ ማድረጊያ ጋ ይሻላል፣ መቀመጫውን ወደፊት ከመሳብ። ወደ መሪው በጣም ከተጠጋቹ ኤርባጉ ሲፈነዳ እሱ ራሱ ይጎዳቹሃል፣ ከደረት አጥንት እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

በሽታው እየባሰ የሚሄድ አይነት ከሆነ፣ እንደ ኤምኤስ (አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ በሽታ) ወይ የጡንቻ መድከም፣ የዛሬ ጉልበታቹን ብቻ አይታቹ አትምረጡ። አሁን በእግራቹ ብትችሉም በኋላ ሀንድ ኮንትሮል መቀበል የሚችል መኪና ግዙ፣ እና በደህና ሰዓታቹ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ስትደክሙ ተመዘኑ።

ዊልቸር፦ ወደ መቀመጫ መሻገር ወይስ ከዊልቸር ላይ መንዳት?

መሻገር የሚችል ሰው ቢሻገር ይሻላል። የመኪናው የራሱ መቀመጫና ቀበቶ ለአደጋ የተሰራ ነው፣ መኪናውም ተራ መኪና ስለሆነ ይረክሳል። ባለ ሁለት በር መኪና በሩ ሰፊ ስለሆነ ለመሻገር ይመቻል፣ ግን ጠባብ ማቆሚያ ላይ በሩ አይከፈትም። ዊልቸሩ የሚታጠፍ ከሆነ ከኋላ ለመክተት ሰው ሊያስፈልግ ይችላል፣ የማይታጠፈው ቀላሉ ዊልቸር ግን ጎማዎቹ ተነቅለው ፍሬሙ በደረት ላይ አልፎ ጎን ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ብቻቹን ለምትነዱ ይሄ የተሻለ ነው። የገባው ዊልቸር ይታሰር፣ ያልታሰረ ከሆነ ግጭት ላይ በራሳቹ ላይ ነው የሚመጣው።

ከዊልቸር ላይ መንዳት የሚያስፈልገው መሻገር ለማይችሉና ትከሻቸው ለተጎዳ ነው። ወለሉ ዝቅ የተደረገ ቫን፣ ራምፕ ወይ ሊፍት፣ ወለሉ ላይ ዊልቸሩን የሚቆልፍ መያዣ፣ እና ዊልቸሩ ራሱ ለመኪና ግጭት የተሞከረ መሆን አለበት፣ አይኤስኦ 7176-19 የሚለውን ስታንዳርድ አምራቹን ጠይቁ። ወለሉ ዝቅ ስለሚል ጉድጓድና ጉብታ የበዛበት መንገድ ላይ ታች ይነካል። ብዙ ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ወለል ውስጥ ስለሆነ ወለላቸውን ዝቅ ማድረግ ከባድ ነው፣ አዲስ መኪና የምትመርጡ ይሄን አስቡ። ዛሬ መሻገር ችላቹ በየቀኑ አራት አምስት ጊዜ የምትሻገሩ ከሆነ ግን ስለ ትከሻቹ አስቡ፣ በዊልቸር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ላይ የትከሻ ህመም የተለመደ ነው፣ ወደ በሩ የሚዞር መቀመጫ መሃል ላይ ያለ ጥሩ አማራጭ ነው።

ገደብ ያለው ፈቃድ መቀበል አለብኝ?

አዎ፣ ተቀበሉ። ፈቃድ ላይ የሚጻፈው ኮድ ቅጣት አይደለም። በአውሮፓ ፈቃዶች ላይ 01 የሚለው ኮድ መነጽር ወይም የእይታ ማስተካከያ ማለት ነው፣ ስንት ጤነኛ ሰው ይዞት ይዞራል። 20 የተስተካከለ ፍሬን፣ 25 የተስተካከለ ነዳጅ መስጫ፣ 40 የተስተካከለ መሪ፣ 61 በቀን ብቻ፣ 62 በተወሰነ ርቀት ውስጥ ብቻ ነው። አስቀድማቹ ማሰብ ያለባቹ ግን የተፈተናቹበት መቆጣጠሪያ ፈቃዱ ላይ ስለሚያርፍ ለወደፊት የምትነዱትን መኪና ይወስነዋል። በሀንድ ኮንትሮል ተፈትናቹ ከተጻፈባቹ ያለሱ መንዳት ያለ ፈቃድ እንደመንዳት ሊቆጠር ይችላል። እግራቹ በህክምና ከተሻሻለ ወይ ሌላ አይነት መቆጣጠሪያ ከፈለጋቹ እንደገና ተመዝናቹ ማስቀየር አለባቹ፣ ዝም ብሎ መቀየር የለም።

መንጃ ትምህርት ቤት ስትመርጡ "አካል ጉዳተኛ እናስተምራለን" የሚለውን ብቻ አትስሙ፣ የናንተ አይነት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት መኪና አለ ወይ፣ አሰልጣኙ ጋ የራሱ ፍሬን አለ ወይ፣ በተማራቹበት መኪና ትፈተናላቹ ወይ ብላቹ ጠይቁ። ሶስተኛው በጣም ወሳኝ ነው። የራሳቹ መኪና ካላቹና አሰልጣኝ ቤታቹ ድረስ የሚመጣ ከሆነ እሱ ከሁሉም ይበልጣል፣ መኪናው ለአሰልጣኙ ተጨማሪ ፍሬን ካለው። ለፈተና ስትመዘገቡ ጉዳታቹንና መቆጣጠሪያውን አስቀድማቹ አሳውቁ፣ ብዙ ቦታ ፈታኙ መኪናውን ለማየትና እናንተም ለመዘጋጀት ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣል። የፈተናው እለት ጠዋት ዘንጉን እስከ መጨረሻ ገፍታቹ ፍሬኑ ሙሉ መያዙን፣ ኖቡ አለመላላቱን፣ መነጽራቹ መጠረጉን አረጋግጡ፣ የሐኪም ወረቀቱንና የመቆጣጠሪያውን ማስረጃ ኦሪጅናሉን ይዛቹ ሂዱ፣ ኮፒ ብቻ ይዘው ሄደው የተመለሱ ሰዎች አሉ።